ሞራው ተነሣ፤ ልጁ ግን ለምን አላየም?

አያቴ በስተርጅና መንኩሰው ኑሯቸውን ከጣራ ገዳም ሥር አድርገው ነበር። ከአዲስ ዘመን ከተማ ሆናችሁ ቀና ስትሉ ተራራው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ታያላችሁ፤ ገዳሙ እዚያ ውስጥ ነው። እማሆይ (የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ እንዲህ ነበር የምንጠራቸው) ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ለሦስት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በሰው እጅ እየተመሩ ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በአንድ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያሉት ነገር «ይሄ ልጅ ምነው ከሳ?» ነው። ከሳ የተባልኩት እኔ ነኝ።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። አንድ ጎረቤታችን ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበራቸው። እሱም በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ አለበት፤ ልዩነቱ የልጁ ሞራ አብሮት የተወለደ መሆኑ ነው። አባትየው «አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላቅማማ «የእማሆይ በአንድ ሌሊት ከተመለሰ የልጁማ እንዴት አይመለስ! ልጅ እኮ ነው፣ አእምሮው ለጋ ነው» አልኳቸው። በሬ ሸጡና ልጁን ከተማ ወስደው አሳከሙት።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለቀ። ሐኪሙም ዓይኑ ንጹሕ ነው አለ። ልጁ ግን እንደ እማሆይ አልሆነም። ብርሃን ያያል፣ ቀለም ይለያል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ ያውቃል። ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስኒ ግን በእጁ ካልነካው ስኒ መሆኑን አያውቅም። ሲቸኩል ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ድሮው እየዳበሰ መሄድ ይመርጣል። ከወራት በኋላ አባትየው «አልያዘለትም» አሉኝ። የታዘዘለት መነጽር ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ቀጠሮውም ቀረ። እኔም የምለው አጣሁ።

ያን ጊዜ መመለስ የነበረብኝን መልስ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። መልሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው። ከዱብሊን ይነሣል፣ በሀዋሳ በኩል ያልፋል፣ በደብረ ታቦር የአቋቋም ቤት ደጃፍም መቆሙ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፈላስፋው ጥያቄ

የእኔ ስህተት የመሐንዲስ ስህተት ነበር። የምማረው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ ዓይንን የማስበው እንደ ካሜራ ነበር። ሌንሱ ቆሸሸ፣ ሌንሱ ተቀየረ፣ ምስሉ ተመለሰ፤ በቃ። ምስሉን ተቀብሎ «ይህ ስኒ ነው፣ ያ ደግሞ ጥላው ነው» የሚለውን ክፍል ረስቼዋለሁ። እሱ ያለው ዓይን ውስጥ አይደለም፤ ከማጅራታችን ከፍ ብሎ በአንጎላችን የኋለኛ ክፍል ነው።

ጥያቄው ግን ከእኔ በፊት ተጠይቋል። በ1688 ዊልያም ሞሊኑ የተባለ፣ ሚስቱ ዓይነ ስውር የነበረች የዱብሊን ምሁር ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ አንድ እንቆቅልሽ ላከለት። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ኳስ መሰሉን ድቡልቡልና ባለ ስድስት ገጹን ኩብ በእጁ ዳስሶ መለየት ያውቃል እንበል። ይህ ሰው ድንገት ማየት ቢችል፣ ሳይነካ በዓይኑ ብቻ የትኛው ድቡልቡል፣ የትኛው ኩብ እንደሆነ መናገር ይችላል ወይ? ሁለቱም «አይችልም» ባይ ነበሩ፤ የሚያረጋግጡበት መንገድ ግን አልነበራቸውም።

በ1728 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ዊልያም ቼዝልደን የዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ሞራ አንሥቶ የሆነውን በጽሑፍ አሰፈረ። ልጁ የሚያያቸው ነገሮች ሁሉ ዓይኑን የነኩት ይመስለው ነበር። የቤቱን ድመትና ውሻ በማየት ብቻ መለየት እያቃተው፣ መጠየቁም እያሳፈረው፣ ድመቷን ይዞ ዳሰሳትና ሁለተኛ እንዳይረሳት ትኩር ብሎ አያት። ይህን ሳነብ የጎረቤታችን ልጅ ስኒውን ሲዳብስ ታየኝ። የሦስት መቶ ዓመት ልዩነት፣ ያው አንድ ነገር።

በቅርቡ ደግሞ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠራው ፓዋን ሲንሃ በህንድ ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ልጆችን የሚያሳክምና የሚያጠና ፕሮጀክት ጀመረ። በ2011 ቡድኑ የሞሊኑን ጥያቄ በአምስት ልጆች ላይ በቀጥታ ሞከረው። ልጆቹ በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ ወዲያው በዓይናቸው መለየት አልቻሉም፤ መልሳቸው በግምት ከመመለስ እምብዛም አይሻልም ነበር። እንደገና የተፈተኑት ግን በቀናት ውስጥ በግልጽ ተሻሽለው ተገኙ። «አይችልም» የሚለው መልስ ትክክል ነበር፤ «መማርስ ይችላል ወይ?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ቀረ።

የድመቶቹ ሙከራ

አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሆን ያሳዩት ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ፣ አዲስ የተወለዱ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ለጥቂት ወራት ዘጉት። ከዚያ ስፌቱን ሲፈቱት ዓይኑ ራሱ ደህና ነው፤ ብርሃን ይቀበላል። በአንጎል የማየት ክፍል ያሉት ሕዋሳት ግን ከዚያ ዓይን ለሚመጣው መልእክት መልስ አቁመዋል። ቦታውን ክፍት ሆኖ የቆየው ዓይን ወስዶታል። ያደገች ድመትን ዓይን ለዚያን ያህል ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ቢዘጉት ግን ምንም የተለየ ነገር አይደርስባትም።

ይህ ውጤት ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ የማየት ችሎታ በተፈጥሮ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ አይደለም፤ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት እያየ ራሱን ይሠራዋል። ሁለተኛ፣ ለዚህ ሥራ የተወሰነ ጊዜ አለው። ሳይንቲስቶች ይህን «ወሳኝ የዕድገት ወቅት» ይሉታል። ሁበልና ዊዝል ለዚህና ለሌሎች ሥራዎቻቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ የእማሆይና የልጁ ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል። እማሆይ ከስልሳ ዓመት በላይ ያየ አንጎል ነበራቸው። ሞራው ያቆመው የሚገባውን ብርሃን ብቻ ነው፤ አንባቢው ክፍል በቦታው ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። ልጁ ግን የጠራ ምስል መቀበል በነበረበት ጊዜ የተቀበለው ጭጋግ ነው። ሐኪሙ ጭጋጉን ገፈፈለት፤ አንባቢው ግን ገና ፊደል አልቆጠረም። እኔ «ለጋ ነውና ይቀለዋል» ያልኩት ነገር ግማሹ እውነት ነበር፤ ለጋነቱ ያገለገለው ግን ለዳሰሳና ለመስማት ነው።

ሀዋሳ

ይህን ታሪክ ከውጭ አገር ላብራቶሪ ብቻ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። በዘመናችን ስለዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ጠቃሚ ጥናቶች መካከል በርከት ያሉት የተሠሩት በኢትዮጵያውያን ልጆች ተሳትፎ ነው። የዓይን ሐኪሙ ኢታይ ቤን-ጽዮን ሞራ ይዘው የተወለዱና ሳይታከሙ ያደጉ ልጆችን በሀዋሳ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግላቸው፣ በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪ የሆነው ኤሁድ ዞሃሪና ባልደረቦቹ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልጆቹን የማየት ችሎታ ተከታትለዋል።

በ2015 አየለት ማክይተንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ይሠራል። ለልጁ ብዙ ምስሎች አብረው ይቀርቡለታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ልዩ ነው፤ እሱን ያግኝ። ልዩነቱ በቀለም፣ በመጠን ወይም በቀላል ቅርጽ ሲሆን ልጆቹ ያገኙታል። ልዩነቱ በጥላ አወዳደቅ፣ በጥልቀት፣ ወይም አንዱ ነገር ሌላውን በከፊል በመሸፈኑ ሲሆን ግን ይቸገራሉ። እኛ ስኒ ስናይ ጥላውንና እጀታውን አዋህደን «አንድ ዕቃ» የምንለው በምን ዘዴ እንደሆነ አናውቀውም፤ ሳናስበው ይሆናል። ለእነዚህ ልጆች ያ «ሳናስበው» የሚባለው ነገር አልተሠራላቸውም። የጎረቤታችን ልጅ ቀለም እየለየ ስኒውን ያጣበት ምክንያት ይህ ነው።

በ2022 የወጣው ሌላው ጥናት ይበልጥ ልብ ይነካል። ሰው ሲያናግረን ዓይኑ ወዴት እንዳዘነበለ ሳናውቀው እንከተላለን፤ ሕፃናት ይህን የሚማሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የእነዚህ ልጆች ዕይታ የሰውን የዓይን ብሌን አቅጣጫ ለመለየት እስኪበቃ ድረስ ተሻሽሎ ነበር። ሆኖም የሰውን ዓይን በራሳቸው አይከተሉም፤ ፊት ሲያዩም ከእኩዮቻቸው ያነሰ ጊዜ ነው ዓይን ላይ የሚቆዩት። ተመራማሪዎቹ ያለ አስተማሪ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተው ያቀረቡት ማብራሪያ ለእኔ ሙያ ቅርብ ነው፤ በሕፃንነት ያለ መምህር የሚገኝ ችሎታ ራሱን መምሪያ የሚያደርጋቸው ውስጣዊ ፍንጮች አሉት። ፍንጮቹ ካለፉ በኋላ ጥሩ ምስል መጥቶም ትምህርቱ በራሱ አይነሣም።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ የሐዘን ታሪክ ይሆን ነበር። ግን ከዚያው ከሀዋሳ ሌላ ውጤትም ወጥቷል። ያኔ በጀርመኑ የኡልም ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኢሬኔ ሴናና ማርክ ኤርንስት ከነዞሃሪ ጋር ሆነው በ2021 ያሳተሙት ጥናት ስለ ማየትና መዳሰስ ቅንጅት ነው። ልጁ አንድን ዕቃ እያየም እየዳሰሰም መጠኑን ይገምታል። የሚያይ ጎልማሳ ሁለቱን መረጃዎች እንደየአስተማማኝነታቸው መዝኖ ያዋህዳቸዋል። (መሐንዲሶች ከሁለት ሴንሰሮች የመጣን መረጃ ስናዋህድ የምንጠቀመው ሒሳብ ያው ነው።) ሲወለዱ ሞራ የነበረባቸው ልጆች ይህን ቅንጅት ከሕክምናው በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ተማሩት፤ ደጋግመው የተፈተኑትም የትክክለኝነታቸው ደረጃ ሒሳቡ ከሚፈቅደው ጫፍ ደረሰ። የወሰነው ዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን ከሕክምናው በኋላ በዓለሙ ላይ ያደረጉት ልምምድ ነው።

ስለዚህ አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው ክፍት ነው። ይህ ለምን ይሆናል? ለመመለስ ሁለተኛውን ታሪክ፣ የጎልማሳ አንጎልን ታሪክ ማየት አለብን።

«ያለቀለት» አንጎል

የዘመናዊው የነርቭ ሳይንስ አባት ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። አንጎል የተገነባው እርስ በርስ ከሚነካኩ ለየብቻ ከቆሙ ሕዋሳት፣ ማለትም ከኒውሮኖች መሆኑን ያሳየና ለዚህም በ1906 ከካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሰው ነው። ካሃል በ1913 እና 1914 ባወጣው ትልቅ ሥራው ያደገ አንጎል የነርቭ መንገዶቹ የረጉ መሆናቸውን፣ ሕዋሳቱ ሊሞቱ እንጂ እንደገና ሊበቅሉ እንደማይችሉ ጻፈ። ያው ካሃል ቀደም ሲል በ1894 ለንደን ውስጥ ባቀረበው ንግግር፣ የአእምሮ ልምምድ በሕዋሳት መካከል ያሉ ግንኙነቶችን ሊያበዛ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ተከታዮቹ የያዙት ግን የመጀመሪያውን፣ «አያድግም» የሚለውን ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የመማሪያ መጻሕፍት ይህንኑ አስተማሩ።

ከ1962 ጀምሮ ጆሴፍ አልትማን የተባለ ተመራማሪ፣ ሲከፋፈሉ የነበሩ ሕዋሳትን ምልክት የሚያደርግ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተጠቅሞ በጎልማሳ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ ኒውሮኖች እንዳሉ አሳተመ። የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። ፈርናንዶ ኖተቦም በ1980ዎቹ ካናሪ በተባሉ ዘማሪ ወፎች አንጎል ውስጥ፣ ለዜማ በሚያገለግለው ክፍል አዲስ ኒውሮን እንደሚጨመር ሲያሳይ ጉዳዩ እንደገና ተነሣ። ያን ጊዜም ቢሆን በጦጣዎች ላይ የሠሩ ስመ ጥር ተመራማሪዎች «ይህ ለወፍ ነው፣ ለእኛ ዘር አይሠራም» ባዮች ነበሩ።

በ1998 ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰንና በአሜሪካው ሳልክ ኢንስቲትዩት የሚሠራው ፍሬድ ጌጅ በሰው ላይ ማስረጃ አቀረቡ። ለካንሰር ምርመራ ሲባል የሕዋስ ምልክት ማድረጊያ የተሰጣቸው አምስት ሕሙማን ካረፉ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር፣ ሂፖካምፐስ በተባለው የማስታወስ ክፍል ምልክቱን የያዙ አዳዲስ ኒውሮኖች ተገኙ። በ2013 ደግሞ የስዊድኑ ዮናስ ፍሪሰን ቡድን አስገራሚ ዘዴ ተጠቀመ። ኃያላን መንግሥታት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኒውክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ያለውን ካርቦን-14 አብዝተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑ እየቀነሰ መጥቷል። ሕዋስ ሲወለድ የዘመኑን ካርቦን በዘረ መሉ ውስጥ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ካርቦኑ እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ይነበባል። በዚህ ስሌት በጎልማሳ ሰው በእያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን ወደ 700 የሚጠጉ ኒውሮኖች ይጨመራሉ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ2018 አንድ ቡድን «ከልጅነት በኋላ አዲስ ኒውሮን ፈልገን አጣን» ሲል፣ በወር ልዩነት ሌላው ቡድን «እስከ ሰባዎቹ መጨረሻ አለ» አለ። በ2025 የፍሪሰን ቡድን ኒውሮን የሚያፈሩትን የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ራሳቸውን በጎልማሶች ሂፖካምፐስ ውስጥ ማግኘቱን አሳተመ፤ ብዛታቸው ግን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል።

ቢሆንም ልብ በሉ፤ የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ ኒውሮን አለው። በቀን 700 ከዚህ አንጻር ጠብታ ነው፤ ክርክሩም የሚያተኩረው በሂፖካምፐስ ላይ እንጂ በማየት ክፍል ላይ አይደለም። የአብዛኛው ትምህርታችን ሥራ የሚሠራው በአዲስ ሕዋስ ሳይሆን በነባር ሕዋሳት መካከል ባለው ግንኙነት ነው። አብረው ደጋግመው የሚሠሩ ሕዋሳት ግንኙነታቸው ይጠነክራል፤ ሥራ ያጣው ይሳሳል። የአንጎል ፕላስቲሲቲ የሚባለው በዋናነት ይህ ነው። እንደ እግር መንገድ አስቡት፤ ሲረገጥ ይሰፋል፣ ሲተው ሣር ይበቅልበታል።

ከታክሲ ሹፌር እስከ ድጓ ተማሪ

የዚህ ታዋቂው ማሳያ የለንደን ታክሲ ሹፌሮች ናቸው። ፈቃድ ለማግኘት 25,000 ያህል የከተማዋን ጎዳናዎች በቃል ማወቅ አለባቸው። በ2000 ኤሌኖር ማጓየር የ16 ሹፌሮችን አንጎል በኤምአርአይ አንሥታ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ሰፋ ብሎ አገኘችው። «ምናልባት ሲወለዱም እንዲሁ ይሆኑ ይሆናል» ለሚል ተቺ ደግሞ በ2011 ከካትሪን ዉሌት ጋር ሆና መልስ ሰጠች። ትምህርቱን የጀመሩ 79 ሰዎችን ተከታትለው፣ ፈተናውን ያለፉት 39ኙ ላይ ብቻ ለውጡን አዩት። ሲጀምሩ ልዩነት አልነበራቸውም። እነዚህ ሰዎች ጎልማሶች ናቸው።

እኛ ደቡብ ጎንደር ያደግን ሰዎች ግን ጎልማሳ አንጎል ምን ያህል እንደሚይዝ ለማየት ለንደን መሄድ አላስፈለገንም። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ የአቋቋም። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የዓመቱን በዓላት የሚያካልል ትልቅ መጽሐፍ ነው። በዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ቢሠሩለትም፣ ምልክቱ የሚያስታውሰው ዜማውን አስቀድሞ ለያዘ ሰው ነው። ዜማው ራሱ የሚገባው ከመምህሩ አፍ ነው። ተማሪው ማታ ይቀጽላል፣ ቀን ይከልሳል፣ ለዓመታት።

በተለይ አቋቋም ለዚህ ርዕስ ይስማማል። ደብረ ታቦር ላይ የጸናው የተክሌ አቋቋም፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ከፎገራው ተወላጅ ከአለቃ ገብረ ሐና ፈልቆ በልጃቸው በተክሌ በኩል የመጣ ነው። ዜማው ከመቋሚያው አነሣስ፣ ከጸናጽሉ ድምፅ፣ ከእግሩ አረጋገጥ ጋር ተሸምኖ ነው የሚያዘው። ቃሉ ቢጠፋ ወገብ ያስታውሰዋል፤ ወገብ ቢሳሳት ጆሮ ይመልሰዋል። ሴናና ኤርንስት በሀዋሳ ልጆች ላይ የለኩት የስሜት ሕዋሳት ቅንጅት በሌላ መልኩ እዚህም አለ።

በቃል ትምህርት ሰፊ ዓመታትን ያሳለፉ ሰዎች አንጎል ተጠንቷል። በ2016 ጄምስ ሃርትዜልና ባልደረቦቹ በህንድ የቬዳ ጥቅሶችን ለዓመታት በቃል ያጠኑ 21 ሊቃውንትን ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር አወዳድረው፣ ከቋንቋና ከማስታወስ ጋር በተያያዙ ክፍሎች ሰፊ ልዩነት አግኝተዋል። ሥልጠናው ያመጣው ይሁን ወይስ ቀድሞ የነበረ፣ በአንድ ጊዜ ፎቶ መለየት አይቻልም፤ እንደ ታክሲ ሹፌሮቹ ከጅምሩ መከታተል ይጠይቃል። ወደ ዜማ ቤት ዛሬ የሚገባን ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መከታተል ለአገራችን ተመራማሪዎች የሚያምር ሥራ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን መምህራን መኖራቸውን ታውቃላችሁ። ሰው «ዓይኑን ቢነሣው ልቡን አበራለት» ይላል። የአንጎል ጥናት ይህን አባባል ቃል በቃል ባይወስደውም ከሥሩ ያለውን ነገር ነክቶታል። በ1996 ኖሪሂሮ ሳዳቶና ባልደረቦቹ በልጅነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል በጣታቸው ሲያነቡ የማየት ክፍላቸው እንደሚሠራ አሳዩ። በ2003 ደግሞ አሚር አመዲና ያው ኤሁድ ዞሃሪ፣ ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ሰዎች ቃላትን ሲያስታውሱ የማየት ክፍላቸው እንደሚነቃ፣ ይበልጥ የነቃላቸውም ይበልጥ እንደሚያስታውሱ አገኙ። ምስል ያላገኘው ቦታ ጦም አላደረም፤ ቃል ታርሶበታል።

የጎረቤታችንን ልጅ ነገር የሚያብራራልኝ አንዱ ይህ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዐሥር ዓመት ሙሉ የማየት ክፍሉ ባዶ ቤት አልነበረም። በ2015 ኦሊቪዬ ኮሊኞን ያሳተመው ጥናት በሕፃንነታቸው ሞራ ተነሥቶላቸው ባደጉ ሰዎች ላይ እንኳ የማየት ክፍሉ ለድምፅ መልስ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ጥቂት ወራት ዘግይቶ የመጣ ምስል ቤቱ ውስጥ ድምፅን ካገኘ፣ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ የመጣው ማን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም።

ላባትየው

እንግዲህ ያኔ መናገር የነበረብኝ ይህን ነበር። ቀዶ ሕክምናው ይዞለታል። ሐኪሙ የሠራው ሥራ ዓይን ላይ ነው፤ የቀረው ሥራ የልጁ ነው፣ እሱም የወራትና የዓመታት ሥራ ነው። መነጽሩ ሣጥን ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ሞራ ሲወጣ የዓይኑ የተፈጥሮ ሌንስ አብሮ ስለሚወጣ ያለ ትክክለኛ መነጽር ወይም ሰው ሠራሽ ሌንስ ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ደብዛዛ ምስል ደግሞ አንጎልን አያስተምርም። ስኒውን እየዳሰሰ ማየቱም ድክመት አልነበረም። ሞሊኑ የጠየቀውን ጥያቄ ልጁ በራሱ መንገድ እየመለሰ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። «ትንሽ ይደግና ይታከማል» የሚለው ምክር ለብዙ ነገር ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። ሁለቱንም ዓይን የጋረደ ከባድ ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቀዶ ሕክምናውን ቢያገኝ የሚመረጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ነው። ምልክቱን እናት በቤቷ ልታየው ትችላለች፤ የዓይኑ መሐል ጥቁር በመሆን ፈንታ ነጭ ወይም ግራጫ ይሆናል፤ ሕፃኑ ሦስት ወር ሞልቶት የእናቱን ፊት በዓይኑ አይከተልም፤ ዓይኖቹ ያለ እረፍት ይዋልላሉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ክርስትናውም ሆነ አዝመራው ሳይጠበቅ ወደ ዓይን ሐኪም ነው። አንዳንዱ ሞራ በዘር ስለሚመጣ፣ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ የሚወለዱት ሁሉ ቶሎ መታየት አለባቸው። የዘገየም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም፤ የሀዋሳዎቹ ልጆች ብዙ ነገር ተምረዋል። ያልተማሩትን ግን ገና ጨቅላ ሳሉ ቢታከሙ ማንም ሳያስተምራቸው ያገኙት ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባትየው የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው። ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ መነጽሩን በአዲስ አስለክቶ ያደርጋል፣ ከብቶቹን ከሩቅ በቀለማቸው ይለያል፣ ሰውን ግን አሁንም የሚያውቀው በድምፁ ነው። አባቱ ዝም ብለው አዳመጡኝና «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። አላውቅም ነበር አልኳቸው።

ባለፈው ጥምቀት አዲስ ዘመን ስሄድ ታላቂቱ ልጃቸው ወልዳ አገኘኋት። አያትየው ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ብርሃኑ ዞር አደረጓትና ጠሩኝ። «አየሁት፣ ጥቁር ነው። ሆኖም ሰኞ ሐኪም ያያታል» አሉኝ።